ገጹን ገልጠን እንጠይቅ

የተከበራችሁ ደራስያን፣ ሠዓልያን፣ ፎቶ አንሺዎችና አርክቴክቶች፣ ውድ አንባብያን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በመጽሐፍ ውይይቶቻችን ደራሲውን ለምን እንደጻፈ ጠይቀን፣ አመስግነን እንለያያለን። ስለ ሥዕል፣ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ሕንጻ የጻፈ ሰው ግን እንዴት እንዳየም ሊያስተምረን ይችላል። ስለዚህ በዚህ መድረክ መጽሐፉን ገልጠን፣ አንድ ምስል ላይ ቆመን እንድንጠይቅ እለምናችኋለሁ።

አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ስለ አዲስ አበባ ነባር ሕንጻዎች በጋራ የጻፉት መጽሐፍ ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ይሸፍናል። የዚያ ዘመን የአራዳ ጊዮርጊስ አደባባይ ፎቶግራፍ፣ ቀን ሳይጻፍበት፣ እጃችን ገባ እንበል። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በፎቶግራፉ ላይ ከታየ፣ ከጥቅምት 1923 ዓ.ም. በፊት የተነሣ አይደለም፤ ሐውልቱ የተመረቀው ያን ጊዜ ነውና። ካልታየስ? ከዚያ በፊት ነው ብሎ መደምደም ያጓጓል። ነገር ግን ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን ከያዘ በኋላ ሐውልቱን አንሥቶታል፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ከድል በኋላ ነው። እንግዲህ ባዶው ቦታ የሁለት ዘመን ሊሆን ይችላል። ያኔ ዐይን ወደ ሰዎቹ አለባበስ፣ ወደ መኪናው፣ ወደ ባንዲራው፣ ከጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ ጣሪያ ይዞራል። እንዲህ ያለውን ንባብ ከደራሲው አንደበት መስማት እፈልጋለሁ።

አርቱሮ ሜዜዲሚ በነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም እንዲሁ ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ሥራ ቀለሙ የሚፈካው ከውጭ በሚገባው ብርሃን ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺውን በስንት ሰዓት እንዳነሣው፣ አርክቴክቱን ግድግዳው ለምን ለብርሃን እንደተከፈተ እንጠይቅ።

ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። ብዙዎቹ የፒያሳ ነባር ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። በረንዳቸውንና የእንጨት ደረጃቸውን ከእንግዲህ የምናገኘው በፎቶግራፍ፣ በንድፍና በጽሑፍ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ያልገባው ደግሞ ቤቶቹን ገብተው ባዩና በለኩ ሰዎች ትዝታ ውስጥ አለ። እነርሱ አጠገባችን ሳሉ እንጠይቃቸው።

በቤታችሁ የቆየ ፎቶግራፍ ያላችሁ ለሚቀጥለው ውይይት ይዛችሁ ኑ። ጀርባውንም አገላብጡ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

መድረኩን ለደራስያኑ እለቃለሁ። አመሰግናለሁ።