ቀዩ እስክሪብቶ ምን ላይ ይረፍ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከሐረር ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው። መምህር የተማሪን ሥራ በቀይ እስክሪብቶ ማረም አለበት ወይ?

ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪ በሰማያዊ ወይም በጥቁር ይጽፋል፣ ቀይ የመምህሩ ነው። ምክንያትም አለው። ተማሪው ማርኩን ቢነካካው ይታወቃል። መምህሩም የቱን እንዳረመ፣ የቱን እንዳላረመ ቶሎ ይለያል። እኔ አማርኛ ነው የማስተምረው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ። የሁሉም ድርሰት ጠረጴዛ ላይ ሲከመር ቀይ ምን ያህል እንደሚያግዝ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀይ ጨርሶ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

የሚያሳስበኝ ቀዩ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

እስቲ ካርድን አስቡት። ከ50 በታች የሆነ ውጤት ሮስተር ላይም ካርድ ላይም በቀይ ይጻፋል። ፊደል ያልቆጠረች እናት የትምህርቱን ስም ላታነበው ትችላለች። ቀዩን ግን ታውቀዋለች። ልጁ አፉን ሳይከፍት ቀለሙ ተናግሮ ጨርሷል። ባለፈው ሴሚስተር ሒሳብ 38 ያመጣ ልጅ ዘንድሮ 48 ቢያመጣ ያው ቀይ ነው። አሥር ማርክ ጨምሯል እኮ! ያ ልጅ ስንት ማታ አምሽቶ አጥንቷል? ቤት ሲገባ ግን የሚታየው ያው የድሮው ቀለም ነው። አቦ፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ደግሞ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አብርሃም ሩቺክ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ነው። ሰዎችን ድርሰት አሳረሟቸው። ቀይ እስክሪብቶ የያዙት ሰማያዊ ከያዙት ይልቅ ብዙ ስህተት አገኙ፤ ማርክም ዝቅ አድርገው ሰጡ። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያሰብኩት። እኛ ሁልጊዜ የምናወራው ቀይ ያየ ልጅ ስለሚሰማው ስሜት ነው። ለካ ቀዩ አራሚውንም ይነካል! በእጃችን የያዝነው ቀለም ዓይናችንን ጥፋት ፍለጋ ይልከዋል ማለት ነው።

የሐረር ክፍል ደግሞ ቋንቋው ብዙ ነው። ቤቱ ኦሮምኛ የሚያወራ፣ ሐረሪ የሚያወራ፣ ሶማልኛ የሚያወራ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። አማርኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ፣ ለአንዳንዱ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። አንዱ ልጅ ስለ እናቱ ሲጽፍ እንዲህ አለ፦ "እናቴ ከገበያ ስትመለስ ድካሙን በር ላይ አስቀምጣ ነው የምትገባው።" "ድካሟን" ማለቱ ነው። "ሙ" ላይ ቀይ ክብ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ደንቡም ያስገድዳል፣ መታረም አለበት። ግን ዓረፍተ ነገሩን አያችሁት? ድካሟን በር ላይ አስቀምጣ! አንድ ልጅ እናቱን እንደዚህ ካያት፣ ያየውንም በሁለተኛ ቋንቋው እንደዚህ ከጻፈው፣ ቀዩ የት ነው ማረፍ ያለበት?

እኔ መልሱን ያገኘሁት ከብራና መጻሕፍት ነው። የግዕዝ ጸሐፊዎች ጽሑፉን በጥቁር ይጽፉና የእግዚአብሔርን ስም፣ የማርያምን ስም፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ያደርጉታል። ብዙ የእስልምና የእጅ ጽሑፎችም ላይ ርዕሱና የምዕራፉ መጀመሪያ በቀይ ይለያል። እዚሁ ጀጎል ውስጥ፣ ሸሪፍ ሙዚየም ብትሄዱ፣ የድሮ የእጅ ጽሑፎች ታያላችሁ። እነዚያ ሰዎች ቀይን ያዘጋጁት ለከበረው ነገር ነበር። ታዲያ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ሆኖ ነው የጥፋት ምልክት ብቻ የሆነው?

ስለዚህ እኔ ድርሰት ሳርም ስህተቱን በእርሳስ ነው የማሳየው። ቀዩን ከእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ላይ ለአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጠዋለሁ፤ ለምርጡ። ከሥሩ አሰምርበትና ለምን እንደወደድኩት በአጭሩ እጽፋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ አዎ። በተለይ ደካማ ድርሰት ላይ ምርጡን ዓረፍተ ነገር ማግኘት ደጋግሞ ማንበብ ይጠይቃል። ግን ጥሩውን ለመፈለግ ማንበብ ሌላ ንባብ ነው። እርሳሱን ልጁ ራሱ አስተካክሎ ያጠፋዋል፣ ቀዩ ይቀራል።

ካርድና ሮስተር በእኔ እጅ አይደሉም። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች የምትሰሙኝ ካላችሁ ግን አደራ፣ ቁጥሩን በአንድ ቀለም ጻፉት። ከጎኑ ደግሞ ያለፈውን ሴሚስተር ውጤት አስቀምጡ። 38፣ ቀጥሎ 48። ልጁ ማደጉን እናቱ ትይለት።