ለጋሾቹስ ከየት አመጡት?

እሺ... እየቀዳ ነው? አዎ፣ ቀዩ መብራት በርቷል። ወንበሬም እንደለመደበት ሲጢጥ እያለ ነው። አልቀየርኩትም፣ አልቀይረውም፣ መልእክት አትላኩልኝ።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን እኚያ አባት ከጭንቅላቴ አልወጣ አሉ።

ባለፈው የነገርኳችሁ፣ እኔ ጋዜጠኛው ጋ ሰነድ ይዘው የመጡት ባለ ፋይሉ አባት። ፋይሉን በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገውታል። ሁለት እጃቸውን ከላይ ጭነውበታል። መቅጃውን ገና ሳልከፍት «ልጄ፣ ለመሆኑ ላንተ ማን ነው የሚከፍልህ?» አሉኝ። «ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው አባቴ፣ ለጋሾች ይደግፉናል» አልኩ። ትንሽ አሰቡና «ለጋሾቹስ ከየት አመጡት?»

እኔም ፈጠን ብዬ «በዘገባችን ጣልቃ አይገቡም፣ ውላችን ላይ ተጽፏል» አልኩ። ውሸት አይደለም። ተጽፏል። ግን ከአፌ ሲወጣ የኢንሹራንስ ሻጭ መሰልኩ። እሳቸው አዩኝ። ረጅም ነው ያዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ከፋይሉ ላይ አነሱ።

ለምን አነሱ? እሱ ነው የሚከነክነኝ። አምነውኝ ነው? ወይስ ሌላ የሚሄዱበት ስላልነበራቸው? ጥያቄያቸውን እኮ አልመለስኩም። ከየት አመጡት ነው ያሉት፣ እኔ ስለ ውል አወራሁ።

ደግሞ ጥያቄው እንደው ተራ ጥያቄ አይደለም። ለትርፍ ያልቆመውን የአሜሪካ የምርመራ ዜና ድርጅት ፕሮፐብሊካን ውሰዱ። በፈረንጆቹ 2007 ሲመሠረት ዋናውን ገንዘብ የሰጡት ሳንድለር የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ከየት አመጡት? ከቤት ብድር። አስቡት፣ የቤት ብድር ቀውስ ዓለምን ሊያናውጥ በተቃረበበት ሰሞን! ያው ድርጅት ግን በ2010 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ወሰደ፣ ለኦንላይን ዜና ተቋም የመጀመሪያው። እና ምን እንበል? ገንዘቡ ሥራውን አበላሸው? አላበላሸውም መሰለኝ። መሰለኝ ነው ያልኩት።

በሌላ በኩል ማስታወቂያ ብቻ የሚጠብቅ ጋዜጣ የፓናማ ሰነዶችን፣ እነዚያን ሀብታሞችና ባለሥልጣናት ገንዘብ የሚደብቁበትን ያጋለጡትን፣ ብቻውን ይችለው ነበር? 11.5 ሚሊዮን ፋይል! መጀመሪያ እጁ የገባው የጀርመን ጋዜጣ እንኳ ብቻውን አልያዘውም። ለትርፍ ያልቆመ የመርማሪ ጋዜጠኞች ማኅበር ነው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘጋቢዎችን ከየአገሩ አሰባስቦ ያሠራው። ከዓመት በላይ ያለ ገቢ የሚሠራ ሥራ ነው። ማን ይሸከመዋል?

መርማሪ ጋዜጠኛዋ ዳፍኒ ካሩዋና ጋሊዚያ ማልታ ውስጥ በመኪና ቦምብ ስትገደል፣ ጥቅምት 2017፣ የጀመረችውን የቀጠሉት እነማን ናቸው? ፎርቢድን ስቶሪስ የሚባል ድርጅት ያስተባበራቸው ጋዜጠኞች። ሥራው ይሄ ነው፣ የተገደለ ወይም የታሰረ ዘጋቢ የጀመረውን መጨረስ። እንዲህ ያለውን ስሰማ ለጋሽ ሁሉ ይባረክ ለማለት ይዳዳኛል።

ከዚያ ጥር 2025 ትዝ ይለኛል፣ ይባረክ ያልኩት ይጠፋል። አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች እንዳለው ለነፃ ሚዲያ ተመድቦ የነበረ 268 ሚሊዮን ዶላር እዚያው ቆመ። አንድ ፊርማ፣ በቃ። ያን ሰሞን «የፈረንጅ ተላላኪዎች፣ ይበላችሁ» ያሉ ነበሩ። ተናድጄባቸዋለሁ። አሁንም ልናደድ ነው። ግን እኮ... ውል እስኪቆም ድረስ ነፃ ነኝ የሚል ሰው ምን ያህል ነፃ ነው?

አንባቢ ይክፈል ትሉኛላችሁ። ደስ ይላል። ግን ባለ ፋይሉ አባት አይከፍሉም። የሚከፍለው ሰው ሌላ ታሪክ ይፈልጋል።

ከዚህም የባሰ አለ። ነገ በአንዱ ለጋሻችን ላይ ፋይል ይዞ የሚመጣ ቢኖርስ? ውሉ አይከለክለንም። ማንም ደውሎ «ተዉት» አይለንም። እኛው ነን «ይሄ ትንሽ ይቆይ፣ ሌላ ምንጭ እንፈልግ» የምንለው። ብንጽፈው ደግሞ የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ልንባል ነው። ኤዲተሬ «እንጽፈዋለን» ትላለች። ፊቷን ሳልቀይር እንዲህ ነው ያለችኝ። አመንኳት... ማለቴ፣ ፊቷን ሳትቀይር። አያችሁ፣ ደክሞኛል።

ምናልባት ከአንድ ትልቅ ለጋሽ አምስት ትንንሽ ይሻላል። አንዱ ሲቆጣ አራቱ አሉ። ወይም አምስት ሪፖርት መጻፍ ነው፣ አምስቱም ላይ «ዘገባው ምን ለውጥ አመጣ?» የምትል ሳጥን አለች፣ እሷን ሳጥን ደግሞ ስሞላ የማላወጣው ነገር የለ... እንጃ። እሱን ከጀመርኩ አናበቃም...