ኮምፒውተር ሲዘጋ ማን ቀድሞ ይውጣ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከባሕር ዳር ነው የምቀዳው። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፣ የባጃጅ ድምፅ ከገባ ታገሡኝ፤ በዚህ ሙቀት ዘግቶ መቀመጥ አይቻልም። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ኮምፒውተሩን «ሸት ዳውን» ካልነው በኋላ ስክሪኑ እስኪጠቁር ድረስ ስላለችው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው እሷን ጊዜ ዞር ብሎ አያያትም። እኔን ግን ከአከፋፈቱ ይልቅ አዘጋጉ ነው የሚያሳስበኝ።

እዚህ ከተማ ሠርግና ምርቃት የሚቀርጽ አንድ ስቱዲዮ አለ፤ ኮምፒውተሮቻቸውን የምከታተልላቸው እኔ ነኝ። ማሽኖቹ ሊኑክስ ናቸው። ቪዲዮው የሚቀመጠው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ዊንዶውስም እንዲያነበው በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው ጓዳ ያለው ሰርቨር። ሰርቨሩ ኤስኤስኤችኤፍኤስ በሚባል ፕሮግራም በኩል እንደ ተራ ፎልደር ይከፈታል። ሁለቱም ከጀርባቸው ፊውዝ አለ፤ የመብራቱን ፊውዝ ማለቴ አይደለም፣ ተራ ፕሮግራም ፋይሎችን እንዲያስተናግድ የሚያስችለውን የሊኑክስ ክፍል እንጂ።

ዱሮ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች የሚቀመጡበትና የሚነበቡበት ሥርዓት፣ ሙሉ በሙሉ የከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ሥራ ነበር። ፊውዝ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2005 ከሊኑክስ ከርነል 2.6.14 ጋር ሲገባ፣ ፋይል ሲስተምን እንደማንኛውም ፕሮግራም መጻፍ ተቻለ። «ይህን ፋይል ክፈት»፣ «ይህን ጻፍ» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ከርነሉ ጋ ይደርሳል፤ ከርነሉ ለዚያ ፕሮግራም ያሳልፈዋል፣ መልሱንም ይጠብቃል። ድንቅ ሥራ ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። ግን መልስ ሰጪው ተራ ፕሮሰስ፣ ማለትም እየሠራ ያለ ፕሮግራም ነው፤ እንደማንኛውም ፕሮሰስ ይገደላል። የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍልን አስቡት፤ ዕቃው በር ላይ ተራግፎ፣ ገቢ ሊሆን ሲል፣ ሠራተኛው ቁልፉን ይዞ ቢወጣስ?

ኮምፒውተር ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ውጣ ይባላል። ዛሬ አብዛኛው ሊኑክስ ላይ ይህን የሚመራው ሲስተምዲ ነው። ሲነሣ ያስነሣቸውን ሰርቪሶች፣ ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች፣ ሲዘጋ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ያቆማል። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ «ጨርስና ውጣ» የሚል ሲግናል ይልካል። ካልወጣ በተለምዶ 90 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ በግድ ይገድለዋል። የመጀመሪያው ሲግናል ችግር የለውም፤ የፊውዝ ላይብረሪ ሲደርሰው ራሱን አንማውንት አድርጎ፣ ማለትም ፎልደሩን ከማሽኑ ነቅሎ፣ ይወጣል። ሁለተኛው ነው ጣጣው። እሱ ሲመጣ በፕሮግራሙ እጅ ላይ የነበረ ነገር ሁሉ ይጠፋል።

ባለፈው የምርቃት ሰሞን የሆነውን ልንገራችሁ። ሰኔ ላይ ከጣና ወዲያ ደመናው ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲጀምር መብራት እንደሚሄድ እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል። የዚያን ቀን ማታ ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ከካሜራው ካርድ ወደ ሰርቨሩ እየገለበጠ ነበር። መብራት ሄደ፣ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ መጮህ ጀመረ። ልጁ ባትሪው ሳያልቅ ብሎ ዝጋ አለው። ስክሪኑ ላይ «ኤ ስቶፕ ጆብ ኢዝ ራኒንግ» የሚል መስመር መጣ፣ የሚዘጋ ነገር ገና አላለቀም እንደማለት፤ አጠገቡ ሰከንዱ ይቆጥራል፣ እስከ 1 ደቂቃ ከ30። ቆጠራው ሲረዝምበት የኃይል ቁልፉን ተጭኖ ያዘውና ጠፋ። ጠዋት ፎልደሩ ውስጥ የፋይሉን ስም ሲያዩ ካርዱን ለቀጣዩ ሥራ ባዶ አደረጉት። ከዚያ ልጁ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ቪዲዮው መሀል ላይ ይቆማል።»

የቆመው አንዲት እናት ከገጠር መጥታ፣ ጋቢዋን እንደደረበች፣ ጋውን ወደለበሰው ልጇ ስትራመድ ነው። ክንዷን ዘርግታ። ከዚያ በኋላ የለም።

ሁሉም ልጁን ወቀሰው፤ ለምን አልጠበቀም ብለው። እኔ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። 90ውን ሰከንድ ቢጠብቅም ያ ፋይል አይሞላም ነበር። ለምን? ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ አለው፣ ሰርቨሩም አለው። በመሀላቸው ያለችው፣ የኔትወርክ ገመዶቹን የምታገናኘው ትንሿ ስዊች ግን የተሰካችው ግድግዳው ላይ ነው። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሞተችው እሷ ናት። ኤስኤስኤችኤፍኤስ ላይመጣ መልስ ይጠብቃል፣ ሲስተምዲ እሱን ይጠብቃል፣ ልጁ ሁለቱን ይጠብቃል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ማን ማንን እንደሚጠብቅ የሚናገር ነገር የለም። ሰው ቢቸኩል አይፈረድበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያስተካከልኩት ሶኬቱን ነው። ስዊቿ ዩፒኤስ ላይ ተሰካች።

ቀጥሎ ማውንቱን፣ ማለትም የሰርቨሩን ፎልደር ማሽኑ ላይ የመክፈቱን ሥራ፣ ከልጁ እጅ አወጣሁት። ሰው በእጁ ማውንት ሲያደርግ ፕሮግራሙ እዚያው ተጠቃሚው ሴሽን ውስጥ፣ ሰውየው ገብቶ እስኪወጣ ባለው የሥራ ጊዜ ውስጥ፣ ይኖራል፤ ሴሽኑ ሲዘጋ ከብራውዘሩም ከምኑም ጋር አንድ ላይ ውጣ ይባላል። የሚጽፈው ፕሮግራም ገና ሳይጨርስ ጻፊውን የሚያስተናግደው ሊወጣ ይችላል። አሁን ምን ማውንት እንደሚደረግ በሚዘረዝረው ፋይል፣ በኤፍኤስታብ ውስጥ፣ ኔትወርክ እንደሚፈልግ ተጽፎ ገብቷል። ከኔትወርክ በኋላ ይነሣል፤ ሲዘጋ ደግሞ ኔትወርኩ ሳይወርድ በፊት ይወርዳል።

ሦስተኛው ተስፋ መቁረጥን ማስተማር ነው። ኤስኤስኤችኤፍኤስ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝበት ኤስኤስኤች፣ ሰርቨሩ በሕይወት መኖሩን በየ15 ሰከንዱ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። በተለምዶ 3 ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣ ግንኙነቱን ይቆርጣል፤ 45 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው፣ ከ90ው በታች። መልሰህ ተገናኝ የሚለውን አማራጭ አልጨመርኩም። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን አይወዱትም፤ የተጀመረው ጽሑፍ ይቋረጣላ ይላሉ። እውነት ነው፣ ይቋረጣል። ግን ኮፒ የሚያደርገው ፕሮግራም ያኔ አልተሳካም ብሎ ይናገራል፣ ልጁም ካርዱን አይነካም። ዝም ብሎ ከሚንጠለጠል ፎልደር ይልቅ አልቻልኩም የሚል ፎልደር ይሻለኛል።

ሃርድ ዲስኩ ላይ ጉዳዩ ቀለል ይላል። የኤንቲኤፍኤስ ዲስክ የሚከፍተውን ኤንቲኤፍኤስ ስሪጂን የመሳሰሉት እውነተኛ ዲስክ ላይ የሚሠሩት ፊውዞች አንማውንት ሲባሉ፣ ከርነሉ «ልንዘጋ ነው» የሚል መልእክት ልኮ መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። ትእዛዙ ከተመለሰ በውነት አልቋል ማለት ነው።

ኤስኤስኤችኤፍኤስን በመሰሉት ላይ ግን እንዲህ አይደለም፤ ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንማውንት የሚያደርገው ትእዛዝ፣ ፊውዘርማውንት፣ ጨርሻለሁ ብሎ ሲመለስ ፕሮግራሙ ራሱ ገና እያጠቃለለ ሊሆን ይችላል። ከርነሉ አይጠብቀውም። ፋይሎችን መጀመሪያ ዲስክ ላይ አቆይቶ ኋላ ወደ ክላውድ የሚጭነው አርክሎን ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ እንኳ መጫኑን የሚጀምረው በተለምዶ 5 ሰከንድ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ከጠፋ የቀረው ማሽኑ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያው አማራጭ እንደገና ሲነሣ ይጫናል እንጂ አይጠፋም፤ ግን ላፕቶፑ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ማን ያስነሣዋል? ስለዚህ በስክሪፕት አንማውንት የምታደርጉ ሁሉ፣ ከፊውዘርማውንት በኋላ ፕሮሰሱ ራሱ መውጣቱን የሚጠብቅ አንድ መስመር ጨምሩበት። እኔ ለስቱዲዮው ጨምሬያለሁ፤ ካርድ ባዶ የሚደረገውም የፋይሉ መጠን ከካርዱ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ብቻ ነው።