ማን ይከፍለዋል? ስለ ገለልተኝነት የአድማጮች ጥያቄና የሕግ ባለሙያው መልስ

አድማጭ ከአራት ኪሎ፦ ስዊዘርላንድ ገለልተኛ ከሆነች ጦር ምን ያደርግላታል?

ገለልተኝነቷን ታስከብርበታለች። በ1815 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ኃያላን ገለልተኝነቷን ሲቀበሉ ትጥቅሽን ፍቺ አላሏትም።

አድማጭ ከለገሃር፦ እኛም የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ አባል ነን። እንደ ስዊዘርላንድ ነን ማለት ነው?

አይደለም። ንቅናቄው በ1961 (እ.ኤ.አ.) ቤልግሬድ ላይ ሲመሠረት ጃንሆይም ነበሩበት። የታሰበው ከአሜሪካና ከሶቭየት ኅብረት ጎራዎች አንዱ ውስጥ ላለመግባት ነው። ጦርነት ውስጥ ፈጽሞ አልገባም የሚል ግዴታ የለበትም።

አድማጭ ከስታዲየም፦ ቀይ መስቀል በደል እያየ የማይናገረው ገለልተኛ ስለሆነ ነው ወይስ ፈርቶ?

ወገን ከያዘ ሌላኛው ወገን ቁስለኛው ዘንድ አያሳልፈውም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሰው በር ዘግቶ ነው። የተለመደው ጥያቄዬ እዚህም አይቀርም፦ ማን ይከፍለዋል? ዓለም አቀፉን ኮሚቴ በአብዛኛው መንግሥታት ናቸው የሚረዱት። ግን አይደብቀውም።

አድማጭ ከሜክሲኮ፦ ቤት ልገዛ ነው። ደላላው «እኔ ለሁለታችሁም ገለልተኛ ነኝ፣ ውሉንም ምስክሮቹንም አዘጋጃለሁ» አለኝ። ልፈርም?

ኧረ በፈጠረሽ እህቴ፣ እንዳትፈርሚ! ስንቴ ልናገር? ማን ይከፍለዋል? ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ለአንቺም ለሻጩም ላያዳላ ይችላል፤ ለሽያጩ ግን ያዳላል። ክፉ ሰው ነው አላልኩም፤ እንጀራው ነው።

ምስክሮቹስ? ከካፌ የተጠሩ ልጆች ናቸው። ነገ ክርክር ቢነሳ አንዱ ስልክ አያነሳም፣ ሌላው «ትዝ አይለኝም» ይላል። የምታውቂውን፣ ውሉን ገጽ በገጽ የሚያነብ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። ሰነዶች ማረጋገጫ ሳትደርሺ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አዘጋጁ ሰዓት እያሳየኝ ነው፣ ይታገሰኝ። ውሉ መጨረሻ ላይ «አለመግባባት ቢፈጠር በግልግል ዳኛ ይታያል» የሚል ካለ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አስታራቂ ሽማግሌ ቢመክርሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ። የግልግል ዳኛ ግን ይወስንብሻል። በግልግል ዳኝነት አዋጁ፣ በአዋጅ 1237/2013 መሠረት ይግባኝ የሚኖርሽ በውሉ ከተስማማችሁ ብቻ ነው። የተጻፈው ስም የደላላው አጎት ቢሆንስ? ዳኛው ገለልተኝነቱን የሚያጠራጥር ነገር ካለ የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ አንቺም ሳታፍሪ ጠይቂ።

አድማጭ ከካዛንቺስ፦ እኔና ባለቤቴ በስምምነት እየተፋታን ነው። አንድ ጠበቃ ለሁለታችን አይበቃም?

ቤትና ልጅ ካለ አይበቃም። ይህ በስልክ የሚያልቅ አይደለም ወንድሜ፤ የራስህን ጠበቃ አማክር፣ እሷም የራሷን።