የደሴ ከፍታ የማይበግረው ኬክ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ኬክ ፖፖች፣ ከጎናቸው ረከቦት]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ኬክ ፖፕ እንሠራለን። ዘንግ ላይ የተሰካ፣ ቸኮሌት የለበሰ፣ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ ድቡልቡል ኬክ ነው። ለዒድ፣ ለገና፣ ለመውሊድ፣ ለልደት፣ ለምርቃት ይሆናል።

ደሴ ላይ ኬክ የጋገረ ሰው ይህን ያውቃል። ኬኩ ቆንጆ ሆኖ ይነሳል፣ ከዚያ መሐሉ ይሰምጣል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ቶሎ ይለጠጣል። ሊጡ ገና ሳይበስል ያብጥና ይወድቃል። ኬክ ፖፕ ሲሆን ግን አብሽሩ! የወደቀውም ያልወደቀውም ኬክ መጨረሻው መፈርፈር ነው። ለቤታችን የምወደውም ለዚህ ነው።

[ምስል፦ ሊጥ ሲዋሐድ]

250 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ 150 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 190 ሚሊ ሊትር ወተት። ቤኪንግ ፓውደር አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ብቻ። ቆላ ላይ ብትሆኑ 2 ይገባ ነበር፤ እዚህ ይቀነሳል። ስኳሩም ትንሽ ተቀንሷል፣ ወተቱ ትንሽ ተጨምሯል፤ ከፍታ ላይ እርጥበት ቶሎ ይተናል።

ኦቨን የለም? ወፍራም ድስት ይበቃል። ድስቱ ውስጥ ማስቀመጫ አድርጉ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ በመጠነኛ እሳት 10 ደቂቃ አሙቁት፣ ከዚያ የኬኩን ቅርጽ አስገቡ። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይፈልጋል። ላዩ ቡናማ ባይሆን አትጨነቁ፣ ማንም አያየውም። ስቲኪኒ ስትወጉት ሊጥ ይዞ ካልወጣ በስሏል።

በደንብ ሲቀዘቅዝ በእጅ ፈርፍሩት። የደረቀ ጠርዝ ካለ አንሡለት። አሁን ማጣበቂያ ያስፈልጋል። 60 ግራም የገበታ ቅቤ ከ120 ግራም የተፈጨ ስኳር ጋር የተመታ፣ ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ማርማላታ። እኔ ማርማላታውን እመርጣለሁ፤ ቸኮሌቱ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነገር ያምርበታል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጨምሩ። ማንኪያ በማንኪያ ጨምራችሁ ጨበጥ አድርጉት። ሳይሰነጠቅ ከተያያዘ በቃ። ከዚያ ካለፈ ይከብድና ከዘንጉ ላይ ይንሸራተታል። በግምት 30 ግራም፣ 30 ግራም እያደረጋችሁ አድቦልቡሉት። 30 ገደማ ይወጣችኋል።

ድቡልቡሉ ይቀዝቅዝ፤ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። በረዶ ግን አይሁን። በጣም የቀዘቀዘ ኬክ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ላዩ ላይ ያለው ቸኮሌት ደግሞ ሲደርቅ ይጠብባል። በዚህ መሐል ይሰነጠቃል።

[ምስል፦ ጎድጓዳ ሳህን ከእንፋሎት በላይ]

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። በአትክልት ስብ የሚሠራውን የኬክ መሸፈኛ ቸኮሌት ግዙ፣ 400 ግራም ያህል። በካካዎ ቅቤ የተሠራው ቸኮሌት ሙቀቱ በዲግሪ ካልተጠበቀለት ይዥጎረጎራል። መሸፈኛው ግን ቀልጦ ዝም ብሎ ይደርቃል። ውሃ አፍሉ፣ እሳቱን አጥፉ፣ ሳህኑን ውሃው ሳይነካው ከላይ አስቀምጡ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያም ቢሆን ነጭ ቸኮሌት ለማሳረር ከበቂ በላይ ነው። አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባችበት ቸኮሌቱ ይጓጉላል። ስለዚህ ማንኪያውም ሳህኑም ደረቅ ይሁን። የምግብ ቀለምም እንደዚያው፤ በውሃ የተበጠበጠውን ትታችሁ ዱቄቱን ወይም በዘይት የተሠራውን ፈልጉ። ቸኮሌቱ ከወፈረባችሁ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉበት እንጂ ወተት አትጨምሩ።

የዘንጉን ጫፍ ቸኮሌት አስነኩና እስከ ግማሹ ስኩት። ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ንከሩ፣ አውጡ፣ የሳህኑን ጠርዝ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። ትርፉ ይንጠባጠባል። ማማሰል የለም፤ ካማሰላችሁት ኬኩ ሳህኑ ውስጥ ይቀራል። ማቆሚያ ከሌለ ካርቶን ገልብጣችሁ ብሱት፣ ወይም ትልቅ ድንች ለሁለት ክፈሉ። ዘንጉ ሹል ከሆነ ሹሉን ቁረጡት፣ ልጆች ናቸው የሚይዙት።

ጌጡ ቸኮሌቱ ሳይደርቅ ይነስነስ፤ ያላችሁ ጊዜ በጣም አጭር ነው። የተቆላ ሰሊጥ፣ የተፈጨ ለውዝ፣ ኮኮናት፣ የተወቀጠ ጠንካራ ከረሜላ ሁሉም ያምራሉ። ለዒድ አረንጓዴ ላይ በነጭ ጨረቃና ኮከብ፣ ለመስቀል ቢጫ አደይ። የሚሣለው ግን ከደረቀ በኋላ ነው። ትንሽ ላስቲክ ውስጥ የቀለጠ ቸኮሌት ጨምራችሁ፣ ጫፉን ቆርጣችሁ እንደ እስክሪብቶ ተጠቀሙበት።

[ምስል፦ ሁለት ሳህን፣ አንዱ የፍስክ፣ አንዱ የጾም]

ወሎ ውስጥ የበዓል ገበታ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በዒድ የክርስቲያኑ ጎረቤት ይመጣል፣ በገና የሙስሊሙ። ስለዚህ ስትሠሩ እንግዳውን አስቡት። በ2017 ዒድ አል ፈጥር የዋለው ሁዳዴ ውስጥ ነበር። እንዲህ ሲገጥም ወይም ቀኑ ረቡዕና ዓርብ ላይ ሲውል የጾም ሳህን ለብቻ ይዘጋጅ። ያው 250 ግራም ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ከውሃው ግማሹን በቀዝቃዛ ወፍራም ቡና ብትተኩት ካካዎው ይጎላል። ማጣበቂያው ማርማላታ ብቻ ይሁን። የመሸፈኛውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ጥቁር ቢሆንም የወተት ዱቄት ያለበት ብዙ ነው።

ለሙስሊም እንግዳ ደግሞ ጄላቲን ተጠንቀቁ። ማርሽማሎውና አንዳንድ ለስላሳ ከረሜላ ውስጥ አለ፤ ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ ቫኒላም ብዙውን ጊዜ አልኮል ስላለበት በዱቄቱ ይተካ። ይህን አስቀድሞ ማሰብ እንግዳው ሳይጠይቅና ሳይሳቀቅ እንዲያነሳ ያደርጋል። ለእኔ ከጌጡ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትወስዱት ከሆነ ሙቀቱን አስቡ። በጠዋት ውጡ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ኮምቦልቻ የምትሠሩ ደግሞ ከፍሪጅ ስታወጡት ቶሎ አትክፈቱት። ቀዝቃዛው ቸኮሌት ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ያልበዋል፣ ቀለሙም ይፈስሳል። ዕቃውን እንደተከደነ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩትና ከዚያ አቅርቡ።