የእማዬ ማርና የቡሬ በርበሬ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ይሄ የምትሰሙት ድምፅ የሙቀጫ ነው። ዛሬ የምቀርጸው ደብረ ማርቆስ፣ ማድ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ታኅሣሥ ስለሆነ ብርዱ አይጣል ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ከሰል አያይዣለሁ። ዘነዘናው ጆሯችሁን ካስቸገረ ይቅርታ፤ ግን የዛሬው ወሬ ስለዚሁ ስለምወቅጠው ነገር ነው። ሙቀጫው ውስጥ ያለው ከቡሬ የመጣ ዛላ በርበሬ ነው። አጠገቡ አንድ ጠርሙስ ማር አለ።

ማር በበርበሬ፣ ምግብ ላይ የሚፈስ ስጎ። ይህን ስል ፊቱን የሚያጨማድድ ብዙ ሰው አለ። ማር ለጠጅ ነው፣ ለዳቦ ነው፣ ከበርበሬ ጋር ምን አገናኘው ይባላል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ነገሩን ያመጣው ወንድሜ ነው። አሜሪካ ከሄደ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አንድ እሑድ ደውሎ፣ «እዚህ ፒዛ ላይ የሚያቃጥል ማር ያፈሱበታል፣ ብትቀምሽው የእኛን ቤት ነው የሚያስታውስሽ» አለኝ። እዚያ ሆት ሀኒ ይሉታል። በኋላ ሳነብ፣ ስሙ የገነነው በ2010 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን ውስጥ ካለ አንድ ፒዛ ቤት ተነስቶ ነው። የሠራው ሰውዬ ሐሳቡን ያገኘው ብራዚል ሄዶ በርበሬ የተዘፈዘፈበት ማር ቀምሶ ነው። ለእነሱ አዲስ ነገር ነበር ማለት ነው።

እኔን ያስገረመኝ ግን ወንድሜ «የእኛን ቤት ያስታውሳል» ማለቱ ነው። የእኛ ቤት መቼ ነው ማር በበርበሬ የበላነው? ስልኩን ዘግቼ ሳስብ ቆየሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሳል ሲይዘን እማዬ ቁንዶ በርበሬ ወቅጣ በማር ለውሳ ታልሰን ነበር። መጀመሪያ ማሩ ምላሳችሁ ላይ ይቀልጣል። «አይ፣ ጥሩ ነው» ስትሉ ከኋላ ያ ሙቀት ይመጣል። ጉሮሮ ድረስ ይወርዳል። እናለቅሳለን፣ ግን ደግሞ ማንኪያውን እንልሳለን። እሱ ነው ለካ በዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ምላሱ ላይ የቀረው።

ስለ እማዬ ማር ትንሽ ልንገራችሁ። ያለዚያ የቀረው አይገባም።

እማዬ ያለችው ደምበጫ ነው። ቤቱ ጓሮ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ከቀርከሃ የተሠሩና በእበት የተለሰኑ ቀፎዎች አሉ። አባዬ ያሰቀላቸው ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ በአደይና በሜጭ ቢጫ ሲሆን፣ ማሳው ደግሞ በኑግ ሲያብብ ንቦቹ እረፍት የላቸውም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። ማታ ነው የሚቆረጠው፣ በጭስ። እኛ ልጆቹ ከሩቅ ሆነን እንጠብቃለን። ሰፈፉን ከነሰሙ ያቀብሉናል፣ ሰሙን እስኪነጣ እናላምጠዋለን።

ከዚያ በኋላ ግን ማሩን አናየውም። ማሰሮው አፉ በሊጥ ተመርጎ አልጋ ሥር ይገባል። ለምን? ለእንግዳ። ለእንግዳ፣ ለታመመ፣ ለአራስ። ለእኛ አይደለም። እማዬ ራሷ ማር ስትበላ አይቻት አላውቅም። በእውነት ነው የምላችሁ። ንብ ያላት፣ በየዓመቱ ማር የምታስቆርጥ ሴት፣ ራሷ አትቀምስም። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ደግሞ «እሱ ሲመጣ» የሚባል ማሰሮ ለብቻው ተቀመጠ። ስምንት ዓመት።

ይሄ የብዙዎቻችን ቤት ታሪክ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔን ግን ያንገበግበኛል። ጥሩ ነገር ሁሉ ለሚመጣ ሰው ይቀመጣል፤ እቤት ያለው ሰው ጎመኑን በልቶ ይተኛል። ማር ቶሎ የሚበላሽ ነገር ስላልሆነ ማስቀመጡም አይከብድም። አይ፣ ወደ ስጎው ልመለስ።

መጀመሪያ ስሠራው አበላሸሁት። ማሩን ከበርበሬ ጋር አንድ ላይ ድስት ውስጥ ጨምሬ አፈላሁት። ማር ሲፈላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ወተት ነው የሚገነፍለው። ምድጃው ላይ ተደፋ። የተረፈው ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ደረቀ፣ ማንኪያው አልወጣ አለኝ። ከሁሉም የከፋው ግን ሽታው ነው። የሜጩ፣ የአበባው፣ ያ የጓሮ ሽታ ድራሹ ጠፍቷል። የቀረው የተቃጠለ ስኳር ነው። ማር ላይ ትልቁ ጥፋት ግለት ነው። ያ መዓዛ በሙቀት የሚተን ነገር ነው፤ ካፈላችሁት ቤቱን ያውደዋል፣ ማሩ ውስጥ ግን አይቀርም።

በሁለተኛው ብልህ ሆንኩ ብዬ እሳት አልነካሁም። እርጥብ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ከትፌ ማር ውስጥ ጨመርኩና ከድኜ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ክዳኑን ስከፍት «ጷ» አለ። አረፋ ደፍቋል። ሽታው ጠጅ ጠጅ ይላል። ምን ሆነ መሰላችሁ? ማር የማይበላሸው ውሃው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ጥሩ ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ ከ20 አይበልጥም። እርጥብ ቃሪያ ስጨምርበት ውሃ ሰጠሁት፣ ተኝቶ የነበረው እርሾ ነቃ። ጠጅ የምንጥለውም ማሩን በውሃ በጥብጠን አይደል። በዚህ ላይ ነጭ ሽንኩርቱ ሌላ ጣጣ አለው። አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ፤ አየር በሌለበት ቦታ መርዝ ያመርታል፣ ሽታውም ጣዕሙም ላያስታውቅ ይችላል። ስለዚህ ደፋሁት። ማር ስደፋ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እማዬ አይታኝ ቢሆን ኖሮ አታነጋግረኝም ነበር።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው።

በርበሬው ደረቅ ይሁን፣ ዛላ። የእኛ ሰፈር በዚህ ታድሏል። ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ያለው ጃቢ ጠህናን፣ የበርበሬ አገር ነው። በነገራችን ላይ በርበሬ መሠረቱ ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ከ1500ዎቹ ወዲህ ነው። ማሩ ግን ከዚያ በፊት ነበር፣ በጣም ብዙ ዘመን ጠብቆታል። ለአንድ የውሃ ብርጭቆ ማር አራት ዛላ እወስዳለሁ። እቀነጥሳለሁ፣ ፍሬውን ግማሹን አራግፋለሁ። ምጣድ ላይ ትንሽ አሞቀዋለሁ፣ እስኪንኮሻኮሽ ብቻ። ከዚያ ሙቀጫ። እንዳይልም፤ ሻካራ ሆኖ ቢቀር ነው የሚሻለው። ዱቄት ከሆነ ማሩ ይደፈርስና ጭቃ ይመስላል።

ቀጥሎ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ለምን ዘይት? የበርበሬ ማቃጠያው ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ነው የሚሟሟው። ማር ብቻውን በደንብ አያወጣውም። መጀመሪያ ንጥር ቅቤ ሞክሬ ነበር፣ ጣዕሙ ግሩም ነው። ግን የማርቆስ ብርድ አያስቀምጠውም፤ ጠዋት ላይ ቅቤው ከላይ እንደ ክዳን ረግቶ አገኘዋለሁ።

ስለዚህ የኑግ ዘይት ነው የምጠቀመው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ሲገባኝ ሙቀጫውን አቁሜ ፈገግ ያልኩበት። ንቦቹ ጥቅምት ላይ ከኑግ አበባ ይቀስማሉ። አበባው ያፈራል፣ ፍሬው ታጭዶ ተወቅቶ ዘይት ይሆናል። ማሩና ዘይቱ ከአንድ ማሳ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። አንዱን ንብ አመጣችው፣ አንዱን መጭመቂያ። እኔ መጥበሻ ላይ መልሼ አገናኛቸዋለሁ።

እሳቱ ለዘብ ያለ ይሁን። በርበሬው ሲገባ ዘይቱ ዳር ዳሩን ቀስ እያለ አረፋ ያወጣል። ቸስ ካለ ግሏል፣ አውርዱት። የተቃጠለ በርበሬ ይመራል፣ ማር አያክመውም። ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት። ዘይቱ ቀይ፣ እንደ ደም ሲሆን አወርደውና እተወዋለሁ። መጥበሻውን ከውጭ በእጄ እነካዋለሁ። እጄ ከቻለ ማሩም ይችላል። ያኔ ነው ማሩን የማፈሰው፣ ቁንጥር ጨው ጨምሬ። ጨዊቱን እንዳትረሷት፤ ጣፋጩን የምታጎላው እሷ ናት። ማቃጠሉ ካነሰኝ ሚጥሚጣ ጣል አደርጋለሁ።

ማሩ የረጋ ከሆነ አትደንግጡ። ገበያ ላይ «ረግቷል፣ ስኳር አለበት» ብለው ጥሩ ማር የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ። ንጹሕ ማርም ይረጋል፣ ያውም እንደ እኛ ባለ ብርድ አገር ፈጥኖ። 14 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው ቶሎ የሚረጋው። ጠርሙሱን እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆሙት፣ በራሱ ጊዜ ይፈታል።

ሎሚ የሚወድ፣ ሲቀርብ ጠብ ያድርግበት እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ አይጨምር፤ ያው የውሃው ነገር ነው። ማንኪያውም ደረቅ ይሁን። ዘይቱና ማሩ ስለሚለያዩ ከመጠቀማችሁ በፊት አማስሉት። እኔ በወር ውስጥ እጨርሰዋለሁ። አንድ ደግሞ፣ ይሄን የምለው አጥብቄ ነው፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ በበርበሬም ያለ በርበሬም።

ምን ላይ ይሆናል? ጥብስ ላይ እወደዋለሁ፤ ግን ሥጋው ከወጣ በኋላ ነው የማፈስበት፣ እሳት ላይ ከሆነ ማሩ ያራል። ከባሕር ዳር የመጣ የጣና ዓሣ ሲጠበስ፣ ያ የተንኮሻኮሸው ቆዳ ላይ። አይብ ላይ። የእንጅባራ ድንች ቀቅላችሁ፣ ልጣጩ ተቀዶ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ከላይ ጠብ ጠብ። እኔ የድንቹን ያህል የምወደው የለም። ድንቹ ዝም ያለ ነገር ነው፣ ማሩ መጥቶ ያናግረዋል።

ባለፈው ወር አንድ ጠርሙስ ይዤ ደምበጫ ወረድኩ። ለእማዬ ስነግራት፣ «ማሩን በበርበሬ? ምን አጠፋ ማሩ?» አለችኝ። ወንድሜ እንደሚወደው ነገርኳት። «እሱ እዚያ ብቸኝነት በልቶት ነው» አለች። አልተከራከርኳትም። ድፎ ዳቦ ቆርሼ፣ አፍስሼበት አጎረስኳት። እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ጉርሻ ነዋ።

አላመጠች። ዝም አለች። ዓይኗ ትንሽ እንባ አቀረረ፤ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ እኔ አልጠየቅኩም። «ይሄ እኮ የሳል መድኃኒቴ ነው» አለች። ከዚያ ራሷ እጇን ሰድዳ ቆረሰች። ሁለተኛ። ሦስተኛ። እማዬ ማር በላች።

ስትጨርስ እጇን ጠራርጋ ተነሳች። አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ያቺን ማሰሮ ጎተተቻት፣ የወንድሜን። ምርጊቱን በቢላ ፈነቀለችው። ማሩ ረግቶ ነጭ ሆኗል። «ውሰጂው፣ ሥሪው» አለችኝ። እኔ «የሱ አይደለም እንዴ፣ እማዬ?» አልኳት።

«ንቦቹ አሉ አይደል። ሲመጣ ለሱ ይቆረጥለታል» አለች።

ከዚያ ከማጀት አንድ እፍኝ ዛላ በሻሽ ቋጥራ አመጣች። «ያንቺ በርበሬ ታንሳለች፣ አላቃጠለችኝም። ይሄ የቡሬ ነው» ብላ ሰጠችኝ።

እሱን ነው አሁን የምወቅጠው። ቅዳሜ እወስድላታለሁ።