ናስትሮ ሽቦ አያገናኝም
ደብረ ብርሃን፣ ለኤሌክትሪክ ሙያ ተመራቂዎችና ለነባር ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወላጆች፣ አሠልጣኞች፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ ነባር ባለሙያዎች፣ ከሁሉም በላይ የዛሬዎቹ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

እንዲህ ባለ ቀን ስለ ሙያ ክብርና ስለ ሥራ ፈጠራ መናገር የተለመደ ነው፤ ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ብለውታል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ ሁላችንም በምናውቀው አንድ ነገር ላይ አውለዋለሁ። ሁለት ሽቦ ጫፍና ጫፉ ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ በልስን ይቀበራል። ስንት ቤት እንዲህ እንደተዘረጋ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሲጠየቁ መልሱ አንድ ነው፤ «ይሠራል እኮ!» አዎ፣ ይሠራል። ምን እያደረገ እንደሚሠራ ግን ሽቦው ውስጥ ገብተን እንይ።

መዳብ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ይለቃል። የተለቀቀው ኤሌክትሮን ከዚያ ወዲያ የየትኛውም አቶም አይደለም፤ በሽቦው ሁሉ ይዘዋወራል። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር መዳብ ውስጥ 85 ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ ነጻ ኤሌክትሮን አለ። ይህን ሐሳብ በቀመር ያስቀመጠው ጀርመናዊው ፓውል ድሩድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1900፣ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቶምሰን ኤሌክትሮንን ባገኘ በ3 ዓመቱ።

ነጻ ኤሌክትሮን ስለመኖሩ ማስረጃው ምንድን ነው የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ፤ ይኑርም። ቶልማንና ስቱዋርት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1916 ያደረጉትን ንገሩት። ረጅም ሽቦ በጥቅል ላይ ጠመጠሙ፤ ጫፎቹን እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከሚለካ መሣሪያ ጋር አገናኙ። ባትሪ የለም፣ ጄኔሬተር የለም። ጥቅሉን በከፍተኛ ፍጥነት አሽከረከሩትና ድንገት ፍሬን ያዙበት። ሽቦው ቆመ፤ ውስጡ ያሉት ነጻ ኤሌክትሮኖች ግን ወደፊት መሄዳቸውን ለቅጽበት ቀጠሉ፤ የመሣሪያው መርፌም ተንቀሳቀሰ። የመርፌው አቅጣጫ ተጓዦቹ ኔጋቲቭ መሆናቸውን ነገራቸው። ልኬቱ ደግሞ የአንዱ ተጓዥ ቻርጅ ለክብደቱ ያለው ምጣኔ ከኤሌክትሮን ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳየ። ከመዳብ ሌላ በአልሙኒየምና በብርም ሞክረውታል። ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ነገር በፍሬን ይዘው አሳዩን! ይህን የሚያስተምር ሰው ሲያስተምር ሊደሰት ይገባዋል።

እነዚህ ኤሌክትሮኖች ኤሌክትሪክ ባይበራም አያርፉም። መዳብ ውስጥ ከሁሉ ፈጣኖቹ በሰከንድ 1,570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣሉ፣ ግን በየአቅጣጫው ነው፤ ድምሩ ዜሮ ነው። ቮልቴጅ ሲሰጣቸው፣ ነፋስ እንደሚገፋው የንብ መንጋ፣ እያንዳንዱ እንደልቡ እየበረረ ጠቅላላው በዝግታ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ዝግታው ምን ያህል ነው? 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 10 አምፒር ሲሸከም በሰከንድ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ለመሄድ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም! የእኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ኤሌክትሮኑ ባለበት ከጥቂት የሺኛ ሚሊ ሜትር አያልፍም። መብራቱ ወዲያው የሚበራው የኤሌክትሪኩ ግፊት ለብርሃን ፍጥነት በቀረበ ፍጥነት ስለሚደርስ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት። ኤሌክትሮኑን የሚያሰናክለው ምንድን ነው? የፊዚክስ ሊቁ ፌሊክስ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳሳየው፣ አቶሞቹ ፍጹም በሥርዓት ከተደረደሩ ኤሌክትሮኑ በመካከላቸው ሳይሰናከል ያልፋል። የሚያሰናክለው ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ነው፤ የሙቀት ንቅናቄ፣ ባዕድ አቶም፣ ስንጥቅ፣ ዝገት። መዳብ በ1 ዲግሪ ሙቀት 0.4 በመቶ ገደማ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የሚያግድበት መጠን) ይጨምራል። አንድ ዓይነት ሽቦ በመንዝ ሌሊት በ5 ዲግሪና በሸዋ ሮቢት ቀትር በ35 ዲግሪ ቢለካ 12 በመቶ ያህል ይለያያል። እና ወገኖቼ፣ የተጠማዘዘ ሽቦ ማለት ሥርዓት የሚፈርስበትን ቦታ በገዛ እጃችን መሥራት ነው።

ሁለት ሽቦ ሲጠማዘዝ በሙሉ የተነካካ ይመስላል። በእውነቱ የሚነካካው በጥቂት ደቃቅ ነጥቦች ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሁሉ በእነሱ ይጨናነቃል። በሂሳብ እንየው። የእንጀራ ምጣዱ 3,500 ዋት ነው እንበል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር ይወስዳል። አዲስ ሳለ የመገናኛው ሬዚስታንስ 0.01 ኦም ቢሆን የሚያወጣው ሙቀት 2.5 ዋት ገደማ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ምጣዱ ሲበራ ሽቦው ይሞቃል፣ ይለጠጣል፤ ሲጠፋ ይኮማተራል፤ ጥምዝምዙ እያደር ይላላል። በሞቀው ነጥብ ላይ አየር ይገባና መዳቡ ይጠቁራል፤ የጠቆረው ኦክሳይድ እንደ መዳብ አያስተላልፍም። ሬዚስታንሱ ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ኦክሳይዱ ይወፍራል። 0.1 ኦም ሲደርስ 25 ዋት ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት መበየጃ ያህል! ሥራው 70 ዲግሪ ድረስ ብቻ የሆነ ፕላስቲክ ለብሶ፣ ልስን ውስጥ ተቀብሮ፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር የሚግል መበየጃ።

«ብሬከር አለ» ይሉናል። ብሬከር የሚያየው አምፒር ነው! መገናኛው ሲበላሽ አምፒሩ አይጨምርም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል። ሊኬጅ (ወደ መሬት የሚሸሽ ኤሌክትሪክ) የሚቆጣጠረው ብሬከርም አያየውም፤ ወደ መሬት የሸሸ የለምና። ግድግዳው ቢጤስ ብሬከሩ እንደበራ ነው። እናንተ የሠራችሁት ቤት ውስጥ ልጆች ይተኛሉ። ለአንድ መገናኛ ዋጋ ሲባል፣ «ቶሎ ጨርስ» ለሚል አሠሪ ሲባል፣ ይህን ቀብሮ የሚሄድ ሰው ባለሙያ አይባልም!

ታዲያ እንዲህ ሥሩ። አጥፉ፤ መጥፋቱን በመለኪያ አረጋግጡ። ሽቦውን በቢላ ሳይሆን በሽቦ መላጫ መሣሪያ ላጡ፤ በቢላ የተጫረ መዳብ ኋላ ከዚያው ይሰበራል። መገናኛው የሚጠይቀውን ርዝመት ብቻ ላጡ። በብሎን ወይም በስፕሪንግ በሚይዝ ኮኔክተር አገናኙ፤ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ጎትታችሁ ሞክሩ። መገናኛ ሁሉ ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ ይሁን፤ ስካቶላው ክዳኑ የሚከፈት ይሁን፤ በልስን አትድፈኑት።

ከዚያ ለኩ። ምጣዱ በርቶ ሳለ ብሬከሩ ላይና ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ አነጻጽሩ። ርቀቱ 30 ሜትር፣ ሽቦው 2.5 ካሬ ከሆነ ልዩነቱ 6.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ በ4 ካሬ 4 ቮልት፣ በ1.5 ካሬ ግን 11 ቮልት ይሆናል፤ 1.5 ካሬ ለምጣድ አይዘርጋ። በ2.5 ካሬ 12 ቮልት ካገኛችሁ፣ ትርፉ 5.4 ቮልት በ16 አምፒር 86 ዋት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ እየነደደ ነው። ሳታገኙት ከዚያ ቤት አትውጡ።

አልሙኒየም ከመዳብ ጋር ፈጽሞ አይጠማዘዝ። አልሙኒየም አየር እንደነካው ወዲያው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ሲሞቅ ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል፤ በብሎን ሲጨመቅ እያደር ይሸሻል፤ እርጥበት ካገኘ መዳቡ ይበላዋል። በሽቦ ብሩሽ ፍቁት፤ ወዲያው የመገናኛ ቅባት ቀቡት፤ ለሁለቱ በተሠራ ባይሜታል ኮኔክተር አገናኙ። ውጭ ላይ ከሆነ መዳቡ ከታች ይሁን፤ ከመዳብ የሚንጠባጠብ ውኃ አልሙኒየምን ያበላሻል።

ሽቦ ስትገዙ ጫፉን ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። የ2.5 ካሬ 100 ሜትር ጥቅል መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሬዚስታንሱም ከ0.74 ኦም መብለጥ የለበትም። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ የኒውትራሉን (የጋራ መመለሻ ሽቦውን) ብሎን ሁለት ጊዜ አጥብቁ፤ ኒውትራል ከተበጠሰ የአንዱ ጎረቤት ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ብዙ ብሬከሮች የተሰላላቸው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ እኛ ከ2,700 በላይ ነን፤ ለከባድ ጭነት የአምራቹን የከፍታ ሠንጠረዥ እዩ።

ነባር ባለሙያዎች፣ እነዚህ ልጆች ነገ በእናንተ ሥር ይሠራሉ። ስካቶላና ኮኔክተር ሲጠይቋችሁ «ጠምዝዘውና እለፍ» አትበሏቸው። ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አመሰግናለሁ።